አንድ ቃል፣ ብዙ ፍቺ፦ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽና በጣልያንኛ መካከል ለሚተረጉሙ የወሎ ባለሙያዎች ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በላሊበላ ለሚሠሩ አስጎብኚዎች፣ በደሴና በኮምቦልቻ ሰነድ ለሚተረጉሙ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ከሦስቱ ቋንቋዎች አንዱን ችለው ሁለተኛውን ለጀመሩ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ሦስቱም ቋንቋዎች ከላቲን የወጡ በመሆናቸው አንዱን ያወቀ ሰው ሌላውን ያወቀ ይመስለዋል፤ ለጭውውት ያህል ከሆነ ግምቱ እምብዛም አያሳፍረውም። ጽሑፍ መተርጎም ሲጀምር ግን መመሳሰሉ ራሱ ወጥመድ ይሆንበታል። ሁለት ቃላት በመልክ አንድ ሆነው በፍቺ ይራራቃሉ፤ አንዱ ቋንቋ በአንድ ቃል ያሸከመውን ሦስት ፍቺ ሌላው ለሦስት ቃላት አከፋፍሎ ይገኛል። ተርጓሚው የቃሉን አንድ ፍቺ ያውቃል፤ ሌላ ፍቺ መኖሩን ስለማይጠረጥር መዝገበ ቃላት አይገልጥም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተመሠረተው በአንድ ሕግ ላይ ነው፦ ፍቺው ሳይወሰን ቃል አይመረጥም።

ስለ አጻጻፉ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የውጭ ቃላቱን በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ በላቲን ሆሄያት የሚጻፉበትን መልክ ከመዝገበ ቃላት አረጋግጡ፤ በተለይ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡትን ምልክቶች አትዝለሉ።

ዝግጅት

መዝገበ ቃላት። ቃሉን በዚያው በራሱ ቋንቋ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ለየቋንቋው ያዙ። ለፈረንሳይኛ ላሩስ፣ ለስፓኒሽ የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላት፣ ለጣልያንኛ ትሬካኒ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ የሚፈታው ትንሹ መዝገበ ቃላት በመጀመሪያ የሚያስቀምጠው አዘውትሮ የሚያጋጥመውን ፍቺ ነው፤ እናንተ በያዛችሁት ጽሑፍ ውስጥ ያለው ግን አራተኛው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትንሹን መዝገብ ለማስታወስ እንጂ ለመወሰን አትጠቀሙበት።

ደብተር። ደብተራችሁን በቃል ሳይሆን በፍቺ አደራጁ። በግራ በኩል ፍቺውን በአማርኛ ሐረግ ጻፉ፤ ቀጥሎ በሦስት ዐምድ የሦስቱን ቋንቋዎች ቃላት አስፍሩ። በቃል የተደራጀ ደብተር «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ለሚለው ይመልሳል፤ ተርጓሚ ዘወትር የሚጠይቀው ግን «ይህ ፍቺ እዚያ ምን ይባላል?» የሚለውን ነው።

አንባቢው ከየት አገር ነው? ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። በፈረንሳይ «ዴዠኔ» ምሳ ሲሆን በቤልጅየም፣ በስዊዘርላንድና በካናዳ ኬቤክ ቁርስ ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ዲኔ» በፈረንሳይ እራት፣ በእነዚያ አገሮች ደግሞ ምሳ ነው። የስፓኒሹ «ኮሚዳ» ምግብ በጠቅላላው፣ በስፔን የምሳ ገበታ፣ በኮሎምቢያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማታ ምግብ ነው። የጣልያንኛው «ፕራንዞ» ምሳ፣ «ቼና» እራት በመሆናቸው ብዙ አያስቸግሩም። ለሆቴል ወይም ለጉዞ ፕሮግራም ስትተረጉሙ ከምግቡ ስም አጠገብ ሰዓቱን በቁጥር ጻፉ። ስትጽፉም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሆነው በእነሱ 8 ሰዓት መሆኑን አትርሱ፤ ስድስት ሰዓት የተዛነፈ የእራት ቀጠሮ በምንም ቃል አይቃናም።

በተመሳሳይ ምክንያት በስፔን «መያዝ፣ መውሰድ» ማለት የሆነውን «ኮኼር» የሚለውን ግስ ለሜክሲኮና ለአርጀንቲና እንግዶች አትጠቀሙ፤ እዚያ ነውር ነው። «ቶማር» የሚለው ቃል በሁሉም ዘንድ ያለ ችግር ያገለግላል።

ነጠላ ቃል አትቀበሉ። ደንበኛ በስልክ «ይህች ቃል በጣልያንኛ ምንድን ናት?» ቢላችሁ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እንዲልክ ጠይቁት። ባይልክ አትመልሱ።

ደረጃ 1፦ ጽሑፉን አንብባችሁ ተጠርጣሪዎቹን አስምሩ

ጽሑፉን ምንም ሳትተረጉሙ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ከዚያ በእርሳስ አስምሩ። ልብ ልትሉ የሚገባችሁ ረጃጅሞቹንና ከባድ የሚመስሉትን የሙያ ቃላት አይደለም፤ እነሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፍቺ ብቻ አላቸው። አደገኞቹ አጫጭሮቹና የዕለት ተዕለቶቹ ናቸው። የፈረንሳይኛው «ፒዬስ» ክፍል፣ ሳንቲም፣ የመድረክ ተውኔት ወይም የዕቃ አካል ነው፤ «ግላስ» በረዶ፣ አይስክሬም ወይም መስታወት ነው። የስፓኒሹ «ማኛና» ጠዋት ወይም ነገ፣ «ሱዌኞ» እንቅልፍ ወይም ሕልም ነው። የጣልያንኛው «ፒያኖ» ፎቅ፣ ዕቅድ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ወይም «ቀስ ብሎ» ማለት ነው። እነዚህን ሁሉ አስምሩ።

በሌላ በኩል በሦስቱም ቋንቋዎች እኩል የተዘረጉ ቃላት አሉ፤ በእነሱ ላይ ጊዜ አታባክኑ። «ታን»፣ «ቲየምፖ»፣ «ቴምፖ» ሦስቱም ጊዜም የአየር ሁኔታም ናቸው። «ላንግ»፣ «ሌንጓ»፣ «ሊንጓ» ምላስም ቋንቋም ናቸው። «ክሌ»፣ «ያቤ»፣ «ኪያቬ» የበር ቁልፍም የብሎን መፍቻም ናቸው፤ እዚህ ላይ ቃሉን የሚለየው የእኛው አማርኛ ነው። እንደዚህ ያለ ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ፍቺዎቹን ይዞ ይሻገራል፤ ስለዚህ ስታገኙት አልፋችሁ ሂዱ።

ደረጃ 2፦ መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት የሰዋስው ምልክቶችን መርምሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው። አብዛኛውን ጥርጣሬ የሚያጠራውም ይኸው ነው፤ ስለዚህ በጥድፊያ አትለፉት። ምልክቶቹ አራት ናቸው፤ በዚህ ቅደም ተከተል መርምሯቸው።

2.1 ጾታ

ከስሙ በፊት ያለውን ጾታ ጠቋሚ ተመልከቱ። በስፓኒሽ «ኤል ኩራ» ቄስ ነው፤ «ላ ኩራ» ሕክምና ነው። ወደ ጣልያንኛ ሲሄድ ቄሱ «ፕሬቴ» ይሆናል፤ ሕክምናው «ኩራ» እንደሆነ ይቀራል። በጣልያንኛ «ኢል ፊኔ» ዓላማ፣ «ላ ፊኔ» መጨረሻ ነው፤ ስፓኒሽ ግን ለሁለቱም «ኤል ፊን» ስለሚል ከስፓኒሽ ወደ ጣልያንኛ የሚተረጉም ሰው ጾታውን ራሱ መወሰን አለበት።

በወሎ ይህ ምልክት ይበልጥ የሚያስፈልገው ስለ ቅኝቶቻችን በሚጻፍበት ጊዜ ነው። የባቲን ወይም የአምባሰልን ቅኝት በፈረንሳይኛ ለማስረዳት «ለ ሞድ» ማለት ያስፈልጋል፤ በአንስታይ ጾታ «ላ ሞድ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው የሚረዳው የባቲን የልብስ ፋሽን ነው። ስፓኒሽና ጣልያንኛ ሁለቱን በቃሉ መጨረሻ ስለለዩ («ሞዶ» ስልት፣ «ሞዳ» ፋሽን) ከእነሱ ወደ ፈረንሳይኛ የሚመጣ ሰው ነው በቀላሉ የሚሳሳተው። ባቲና አምባሰል የቦታም ስሞች ስለሆኑ በመጀመሪያ ስትጠሯቸው «ቅኝት» የሚለውን ፍቺ የሚሰጥ ቃል አስቀድሙ፤ አለበለዚያ አንባቢው ከተማዋንና ዜማውን ሊቀላቅል ይችላል።

*ምልክቱ ከጠፋ፦* ፈረንሳይኛ በብዙ ቁጥር «ሌ» ሲል ወይም ከአናባቢ በፊት ጾታ ጠቋሚውን ሲያሳጥር ጾታው አይታይም። በዚህ ጊዜ ስሙን የሚገልጸውን ቅጽል ፈልጉ፤ ጾታውን ብዙ ጊዜ የቅጽሉ መጨረሻ ይነግራችኋል። ቅጽልም ከሌለ ስሙን ተክቶ የመጣውን ተውላጠ ስም በሚቀጥሉት ዓረፍተ ነገሮች ፈልጉ።

2.2 ከፊደል በላይ ያለው ምልክት

ሐይቅ እስጢፋኖስን የሚገልጽ ጽሑፍ በፈረንሳይኛ ብታዘጋጁ ስለ ገዳሙም ስለ ዓሣ አጥማጆቹም መጻፋችሁ አይቀርም። ዓሣ አጥማጅና ኃጢአተኛ በፈረንሳይኛ የሚለዩት በአንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ከፊደሉ በላይ ያለው ምልክት እንደ ቆብ ከሆነ ዓሣ አጥማጅ፣ እንደ ዘመመ ሰረዝ ከሆነ ኃጢአተኛ ነው። ስፓኒሽና ጣልያንኛ በፊደል ስለሚለዩት («ፔስካዶር» እና «ፔካዶር»፣ «ፔስካቶሬ» እና «ፔካቶሬ») ከእነሱ የሚመጣ ተርጓሚ አደጋውን አይጠብቀውም። በስልክ መተየቢያ ምልክቱን ትታችሁ ከጻፋችሁ የሐይቁን አጥማጆች በሙሉ ለንስሐ ትጠራላችሁ።

በስፓኒሽም «ቱ» ያለ ምልክት «ያንተ»፣ በምልክት «አንተ» ነው፤ «ሲ» ያለ ምልክት «ከሆነ»፣ በምልክት «አዎን» ነው። ጽሑፉ የተላከላችሁ በአጭር መልእክት ከሆነና ምልክቶቹ በሙሉ ከጎደሉ ከዚህ ምልክት ምንም አትደምድሙ፤ ወደሚቀጥለው እለፉ።

2.3 የቅጽሉ ቦታ

የላሊበላ አስጎብኚዎች ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ እንዲያነቡት እመክራለሁ። በፈረንሳይኛ «ዩን ኤግሊዝ አንሲየን» ቢባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ቅጽሉን አስቀድማችሁ «ዩን አንሲየን ኤግሊዝ» ብትሉ ግን «ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ፣ አሁን ያልሆነ ሕንፃ» ማለት ይሆናል። በገና በዓል ቤዛ ኩሉ ለሚባልበት፣ ቅዳሴ ላልተቋረጠበት ደብር ይህን ማለት ከባድ ስሕተት ነው። ጣልያንኛ «አንቲካ ኪየዛ» ሲል ቅጽሉ ቢቀድምም ፍቺው ጥንታዊ እንደሆነ ይቆያል፤ «የቀድሞ» ለማለት «ኤክስ» ይጨምራል። ስለዚህ ከጣልያንኛ የቃላቱን ተራ ሳትለውጡ ወደ ፈረንሳይኛ ብትገለብጡ ፍቺው ይገለበጣል። የስፓኒሹ «አንቲጓ» ከስሙ በፊት ሲመጣ ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል በስፓኒሽ ስትጽፉ ከስሙ በኋላ አስቀምጡት።

ለሆቴል ሠራተኞች ደግሞ «ፕሮፕር» የሚለው የፈረንሳይኛ ቅጽል አለ፤ ከስሙ በፊት ሲሆን «የራስ»፣ ከስሙ በኋላ ሲሆን «ንጹሕ» ነው። እንግዳ የራሱን ክፍል ጠየቀ ወይስ የጸዳ ክፍል? በስፓኒሽ የመጀመሪያው «ፕሮፒያ»፣ ሁለተኛው «ሊምፒያ» ነው፤ በጣልያንኛ «ፕሮፕሪያ» እና «ፑሊታ» ናቸው።

2.4 ከግሱ ጋር የሚሄደው ቃል

ግስ ብቻውን አይፈታም። የስፓኒሹ «ኤስፔራር» መጠበቅም ተስፋ ማድረግም ነው፤ የሚለየው ተከትሎት የሚመጣው ነው። «ኤስፔራር ኬ» ተስፋ ማድረግ ሲሆን፣ በመካከሉ «አ» ገብታ «ኤስፔራር አ ኬ» ከሆነ «እስኪ... ድረስ መጠበቅ» ነው። ለመጀመሪያው በፈረንሳይኛ «ኤስፔሬ»፣ በጣልያንኛ «ስፔራሬ»፤ ለሁለተኛው «አታንድር» እና «አስፔታሬ» ይመጣሉ።

የፈረንሳይኛው «ማንኬ» አውቶቡስ ከተከተለው «አመለጠኝ» እንደ ማለት ነው፤ በስፓኒሽ «ፔርዴር»፣ በጣልያንኛ «ፔርዴሬ» ይባላል። «ደ» ከተከተለው መጉደል ነው። ሰው ሰውን ሲናፍቅ ግን የናፋቂውና የተናፋቂው ቦታ ይለዋወጣል፤ «ቱ መ ማንክ» ማለት «ናፍቀኸኛል» ነው። ለጣልያንኛ («ሚ ማንኪ») እና ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አያስቸግርም፤ «ናፍቀኸኛል» በሚለው ውስጥም ባለቤቱ የተናፈቀው ሰው ነውና። በስፔን ስፓኒሽ ግን «ኤቻር ደ ሜኖስ» ስለሚባል ባለቤቱ ናፋቂው ይሆናል፤ ሳትገለብጡት እንዳትቀሩ።

ደረጃ 3፦ ፍቺውን በአማርኛ ሐረግ ጻፉ

ምልክቶቹን ከመረመራችሁ በኋላ ከተሰመረበት ቃል በላይ ፍቺውን በአማርኛ ጻፉ። በአንድ ቃል አትጻፉ፤ ቢያንስ ሦስት ቃላት ያሉት ሐረግ ይሁን። ምክንያቱ የእኛም ቃላት ብዙ ፍቺ ስላላቸው ነው። «ውድ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ምንም አልወሰናችሁም፤ የፈረንሳይኛው «ሼር» እና የጣልያንኛው «ካሮ» እንደ እኛው «ውድ» የተወደደ ሰውም ዋጋው የናረ ዕቃም ናቸውና። ስፓኒሽ ግን በዛሬው አነጋገር ይለያል፤ ለሰው «ኬሪዶ»፣ ለዋጋ «ካሮ» ነው። «ዋጋው የናረ ዕቃ» ወይም «በደብዳቤ ራስጌ የሚጻፍ የአክብሮት ቃል» ብላችሁ ብትጽፉ ስፓኒሹ ራሱ ይመጣል። «ልጅ»ም እንደዚሁ ነው፤ የፈረንሳይኛው «ፊይ» ሴት ልጅ ናት፤ የማን እንደሆነች ግን አይናገርም። የአብራክ ክፋይ ከሆነች በስፓኒሽ «ኢኻ»፣ በጣልያንኛ «ፊሊያ»፤ ወጣት ሴት ከሆነች «ቺካ» እና «ራጋዛ» ትባላለች።

አማርኛችን ከሦስቱ ይልቅ የሚያጠራበት ጊዜም አለ። «ሉዌ»፣ «አልኪላር» እና «አፊታሬ» ሦስቱም ማከራየትም መከራየትም ናቸው። እኛ ሁለቱን በግሱ እንለያለን። የቤት ኪራይ ውል ስትተረጉሙ የአማርኛው ሐረግ ማን አከራይ ማን ተከራይ እንደሆነ ያስገድዳችኋል፤ ውሳኔውን ይዛችሁ በፈረንሳይኛ «ዶኔ አን ሎካሲዮን» ወይም «ፕራንድር አን ሎካሲዮን»፣ በስፓኒሽ «ዳር ኤን አልኪለር» ወይም «ቶማር ኤን አልኪለር»፣ በጣልያንኛ «ዳሬ ኢን አፊቶ» ወይም «ፕሬንዴሬ ኢን አፊቶ» ብላችሁ ጻፉ። የሚከራየው መኪና ከሆነ ጣልያንኛው ወደ «ኖሌጃሬ» ይዞራል። ደግሞም «ሉዌ» በመዝሙርና በጸሎት ጽሑፍ ውስጥ ከመጣ ማመስገን ነው (በስፓኒሽ «አላባር»፣ በጣልያንኛ «ሎዳሬ»)፤ ፈጣሪን የሚያከራይ ትርጉም እንዳታወጡ።

*ሐረጉ ካልመጣላችሁ፦* ዓረፍተ ነገሩን አልተረዳችሁትም ማለት ነው። በግምት አትቀጥሉ፤ ከበላዩና ከበታቹ ያሉትን ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንደገና አንብቡ።

ደረጃ 4፦ ፍቺውን ይዛችሁ ቃሉን ፈልጉ፤ «ካርታ» እንደ ምሳሌ

አሠራሩ በተግባር እንዲታይ አንድ ቃል እስከ መጨረሻው እንከተል። የፈረንሳይኛው «ካርት»፣ የስፓኒሹ «ካርታ»፣ የጣልያንኛው «ካርታ» አንድ ግንድ ያላቸው ሲሆኑ የእኛም «ካርታ» ከዚያው የመጣ ነው። አራቱም ቋንቋዎች ግን ቃሉን በተለያየ መንገድ ይጠቀሙበታል። በደብተራችሁ እንዲህ አስፍሩት።

1. *የቦታ አቀማመጥ የሚያሳይ ሥዕል፦* በፈረንሳይኛ «ካርት»፤ በስፓኒሽ «ማፓ»፤ በጣልያንኛ «ካርታ ጄኦግራፊካ» ወይም «ማፓ»።
2. *የምግብ ዝርዝር፦* በፈረንሳይኛ «ካርት»፤ በስፓኒሽ «ካርታ»፤ በጣልያንኛ «ሜኑ»። በፈረንሳይ «መኑ» በተወሰነ ዋጋ የሚቀርብ የተመረጠ ገበታ ስለሆነ «ካርት» ከሚለው ጋር አታምታቱት።
3. *የሚላክ ደብዳቤ፦* በስፓኒሽ ብቻ «ካርታ»፤ በፈረንሳይኛ «ሌትር»፤ በጣልያንኛ «ሌቴራ»።
4. *የሚጻፍበት ወረቀት፦* በጣልያንኛ ብቻ «ካርታ»፤ በፈረንሳይኛ «ፓፒዬ»፤ በስፓኒሽ «ፓፔል»።
5. *የባንክ ካርድ፦* በፈረንሳይኛ «ካርት»፤ በጣልያንኛ «ካርታ»፤ በስፓኒሽ «ታርኼታ»።
6. *የመጫወቻ ካርታ፦* በሦስቱም ከዚሁ ግንድ የመጣው ቃል በብዙ ቁጥር ያገለግላል።

አሁን የአማርኛውን ጨምሩ። በደሴ ወይም በወልድያ «ካርታ» የሚባል ሌላ ሰነድ አለ፤ የይዞታ ማረጋገጫው ነው። ይህን በሦስቱም ቋንቋዎች ከ«ካርታ» ግንድ በመጣ ቃል አትተርጉሙ። «የንብረት ባለቤትነት» ማለት በሆነው «ፕሮፕሪዬቴ»፣ «ፕሮፒየዳድ» ወይም «ፕሮፕሪዬታ» መተርጎምም አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰነዱ የሚያረጋግጠውም ይዞታን ነው። ስለዚህ የማስረጃ ወረቀትንና ይዞታን የሚገልጹትን ቃላት አጣምሩ፤ በፈረንሳይኛ «ሰርቲፊካ ደ ፖሴሲዮን»፣ በስፓኒሽ «ሰርቲፊካዶ ደ ፖሰሲዮን»፣ በጣልያንኛ «ቼርቲፊካቶ ዲ ፖሴሶ» ብላችሁ፣ በግርጌ አንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ጨምሩ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይህን ሰነድ ለፍርድ ቤት ወይም ለኤምባሲ ሊያቀርበው ስለሚችል ማብራሪያው ትርፍ ነገር አይደለም።

ደረጃ 5፦ ምንጩ ራሱ ሁለት ፍቺ ከያዘ

አንዳንድ ጊዜ ሁሉም ምልክት ተመርምሮ ጥርጣሬው አይጠራም። በእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ደንብ ውስጥ «ለደረሰው ጉዳት ኃላፊው "ኦት" ነው» የሚል የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር ብታገኙ፣ «ኦት» አስተናጋጁም እንግዳውም ነው። የጣልያንኛው «ኦስፒቴ»ም ሁለቱንም ይዟል፤ ስለዚህ ከፈረንሳይኛ ወደ ጣልያንኛ የሚተረጉም ሰው ሳይወስን ሊያልፍ ይችላል። ወደ ስፓኒሽ ሲሆን ግን «አንፊትሪዮን» (አስተናጋጅ) እና «ዌስፔድ» (እንግዳ) አሉ፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ገንዘብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚወስን ቃል ስለሆነ ወደ ጣልያንኛም ቢሆን በጭፍን አታሻግሩት፤ እንግዳውን «ክሊየንቴ» ብላችሁ ለዩት።

የቤተሰብ ሰነድ ላይ ችግሩ ይበዛል። የጣልያንኛው «ኒፖቴ» የልጅ ልጅም የወንድም ወይም የእህት ልጅም ነው፤ ፈረንሳይኛም ስፓኒሽም ይለያሉ። የስፓኒሹ «ኤርማኖስ» እና የጣልያንኛው «ፍራቴሊ» ወንድሞች ብቻም፣ እህቶችን ጨምሮም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፈረንሳይኛ ግን እህቶች ካሉ ለይቶ ይጠራቸዋል። የፈረንሳይኛው «ፓራን» በብዛት እናትና አባት ሲሆን ዘመዶችንም ሊያመለክት ይችላል፤ የጣልያንኛው «ፓሬንቲ» እና የስፓኒሹ «ፓሪየንቴስ» ግን ዘመዶች ብቻ ናቸው።

በዚህ ደረጃ የምትሠሩት በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

1. በዚያው ሰነድ ውስጥ ስም፣ የትውልድ ዘመን ወይም ሌላ መረጃ ፈልጉ፤ የሰማንያ ዓመት ሰውና የዐሥር ዓመት «ኒፖቴ» ምን እንደሚዛመዱ በከፊል ይጠቁማል፤ በማስረጃነት ግን አይበቃም።
2. ባለቤቱን ጠይቁ። በወሎ ቤተሰብ ዝምድና ቆጥሮ የማይናገር ሽማግሌ አይጠፋምና መልሱን ብዙ ጊዜ በአንድ ስልክ ታገኙታላችሁ።
3. መልስ ካልተገኘ አትምረጡ፤ ሁለቱንም ፍቺ በግርጌ ማስታወሻ ጻፉና ቃሉ በምንጩ አሻሚ መሆኑን ግለጹ።

ደረጃ 6፦ መንትያ መሳዮችንና የጣልያን ውርስ ቃላትን አጣሩ

ረቂቁን ከጨረሳችሁ በኋላ በዒላማው ቋንቋ ከምንጩ ጋር በመልክ የተመሳሰለውን ቃል ሁሉ ለብቻው አጣሩ። «ሳሊር» በስፓኒሽ መውጣት፣ በፈረንሳይኛ ማቆሸሽ ነው፤ የጣልያንኛው «ሳሊሬ» ደግሞ ወደ ላይ መውጣት ነው። (አማርኛው «መውጣት» ከቤትም ወደ ተራራም ስለሚል የስፓኒሹንና የጣልያንኛውን ልዩነት ይደብቅባችኋል።) «ቡሮ» በስፓኒሽ አህያ፣ በጣልያንኛ ቅቤ ነው። «ላርጎ» በስፓኒሽ ረጅም፣ በጣልያንኛ ሰፊ ነው፤ የፈረንሳይኛው «ላርዥ»ም ሰፊ ነው። የስፓኒሹ «ኤኪፓኼ» ሻንጣ፣ የፈረንሳይኛው «ኤኪፓዥ» እና የጣልያንኛው «ኤኪፓጆ» የአውሮፕላን ሠራተኞች ናቸው። የጣልያንኛው «ካሜራ» ክፍል ነው፤ ፎቶ ማንሻ አይደለም። የስፓኒሹ «ኤምባራሳዳ» ነፍሰ ጡር ስትሆን የፈረንሳይኛና የጣልያንኛ መሳዮቿ ያፈረች ወይም የተቸገረች ሴት ናቸው።

ለእኛ የተለየ አደጋ የሚመጣው ከአማርኛ ውስጥ ነው። ጋራዥ ውስጥ የምንጠቀምባቸው የጣልያን ቃላት ወደ እኛ ሲመጡ ከብዙ ፍቺዎቻቸው አንዱን ብቻ ይዘው ቀርተዋል፤ የኮምቦልቻ መካኒክ የጣልያንኛ ወይም የስፓኒሽ ማኑዋል ሲያነብ ቃሉን ያወቀው እየመሰለው ይስታል። «ካምቢዮ» ለእኛ የመኪና የማርሽ ሳጥን ነው፤ በጣልያንኛና በስፓኒሽ ለውጥም፣ የገንዘብ ምንዛሪም ነው፤ ወደ ፈረንሳይኛ ሲሄድም ለየፍቺው ሌላ ቃል ይመጣል። «ማርሽ»ን የወሰድንበት «ማርቻ» የወታደር ሰልፍ ጉዞም ነው፤ የፈረንሳይኛው «ማርሽ» ደግሞ እርምጃና የደረጃ መወጣጫም ሲሆን፣ የመኪናውን ማርሽ ፈረንሳዮች ብዙውን ጊዜ «ቪቴስ» ይሉታል። «ጎማ» በጣልያንኛ የመኪና ጎማም፣ ላስቲክም፣ ላጲስም ነው፤ የፈረንሳይኛው «ጎም» ላጲስ ሲሆን የመኪናው «ፕነ» ነው። «ማኪና» በጣልያንኛ መኪናም ማንኛውም ማሽንም ነው። «ካልቾ» እኛ ዘንድ ርግጫ ነው፤ በጣልያንኛ ርግጫም፣ እግር ኳስም፣ ካልሲየምም ሲሆን የስፓኒሹ «ካልሲዮ» ካልሲየም ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ምንጩን ሸፍናችሁ መልሱ

ትርጉሙን ቢቻል አሳድሩት። ከዚያ ምንጩን ሸፍናችሁ የተተረጎመውን ብቻ እያነበባችሁ የተሰመረባቸውን ቃላት በቃል ወደ አማርኛ መልሱ። በደረጃ 3 ከጻፋችሁት ሐረግ ጋር ካልገጠመ የተሳሳተው ቃሉ ነው፤ ሐረጉን ወደ ቃሉ አትጎትቱት። ቋንቋውን የሚያውቅ የሥራ ባልደረባ ካላችሁ እሱ ይመልስላችሁ፤ ምንጩን ግን አስቀድማችሁ አታሳዩት።

ችግር ሲያጋጥም

*እንግዳው ፊታችሁ ቆሞ ከሆነ፦* በቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ አፋፍ ላይ መዝገበ ቃላት አይገለጥም። ጥርጣሬውን ወደ ምርጫ ጥያቄ ለውጡ፤ «ነገ ማለትዎ ነው ወይስ ጠዋት?» ብላችሁ በእጅም በሰዓትም አሳዩ። ያልተረዳችሁትን ቃል መልሳችሁ በመጥራት አትለፉት፤ እንግዳው የገባችሁ ይመስለዋል።

*ደንበኛው የስልክ መተርጎሚያ ካመጣ፦* ውጤቱን አትናቁት፤ እንዳለ ግን አትቀበሉት። መተርጎሚያው ነጠላ ቃል ሲሰጠው ዐውድ ስለሌለው ይገምታል፤ ስለዚህ ሙሉ አንቀጽ ስጡት፤ የተሰመረባቸውን ቃላት ብቻ ደግሞ በደረጃ 2 እና 3 ፈትሹ። በዝምድና፣ በጾታና በአክብሮት ቃላት ላይ የሰጠውን በጭራሽ ሳትፈትሹ አትለፉ።

*ሁለት መዝገበ ቃላት ካልተስማሙ፦* የአገር ምልክቱን ተመልከቱ። የስፓኒሹ «ያንታ» በስፔን የጎማው ቸርኬ፣ በሜክሲኮ ራሱ ጎማው ነው፤ ሁለቱም መዛግብት ትክክል ናቸው።

*ስሕተቱ የታወቀው ማኅተም ከተመታ በኋላ ከሆነ፦* በእስክሪብቶ አትሰርዙ፤ ፍሉይድም አትቀቡ። የተሰጠውን ቅጂ መልሳችሁ ተቀበሉ፤ የተስተካከለውን በአዲስ ቀን አትሙ፤ የተለወጠውን ቃልና ምክንያቱን በመዝገባችሁ አስፍሩ። ቅጂው አስቀድሞ ለሌላ አካል ገብቶ ከሆነ የእርማት ደብዳቤ በዒላማው ቋንቋ ጽፋችሁ ለባለጉዳዩ ስጡት፤ ደብዳቤው ላይ የተሳሳተውን ቃል ከነገጹና ከነመስመሩ፣ ትክክለኛውንም ከጎኑ አስቀምጡ።